ነብሩ ተኝቷል

ጥር ነው። ኮልካታ ጭጋጓን ለብሳለች፤
ፀሐይ እንደ ሰነፍ ተማሪ አርፍዳለች።
እኔ የትራም ትኬት ቆራጭ፣ ባለ አንድ ቀን ፈቃድ፣
አንድ እጄን ለሙኒያ፣ ትከሻዬን ለፖልቱ ሰጥቼ ተነሣሁ ለመንገድ።

ሸፋሊ ከሆስፒታል፣ ከሌሊት ተራዋ ገብታ ተኝታለች፤
አንዱን ጫማ በር ላይ፣ አንዱን አልጋ ሥር ጥላለች።
ከመተኛቷ በፊት ግን እንቁላል ቀቅላ፣
ጨውና ቃሪያውን በጋዜጣ ጠቅልላ፣
«ፖልቱን እንዳትለቀው» አለች፤ ምላሷ በእንቅልፍ ዝላ።

ሙኒያ፣ ስድስት ዓመቷ፣ ቀኑን በጣቷ ስትቆጥር ከርማ፣
ደብተሯ ላይ ነብር ሥላ፣ ቀይ ምላሱን አርዝማ፣
«ባባ፣ ሲያገሣ መስታወት ይሰብራል?» ትለኛለች፤
መልሴን ሳትጠብቅ «ይሰብራል» ትላለች።

በሩ ላይ ሰልፉ ሦስት ጊዜ ታጥፎ፣
ፊኛው ይወዛወዛል ከሰው ራስ ተርፎ።
ከሙርሺዳባድ የመጣ ቤተሰብ፣ ቁጥሩ ሃያ አንድ፣
እንዳይጠፋፋ ተያይዟል በአንድ ረጅም ገመድ።
ዕድሜዬን ለሰው ትኬት ስቆርጥ የኖርኩ፣
ዛሬ ለእኔ ተቆረጠልኝ፤ ደረቴን ነፍቼ አለፍኩ።

ቀጭኔዋ አየችን፤ አየችንና ረሳችን።
ጉማሬው ሁለት ጆሮውን ከውሃው አውጥቶ ታዘበን።
«የልጅነቴ ዝሆን ከዚህ ይገዝፍ ነበር» አለ አንድ ሽማግሌ፤
«ያነስከውስ አንተ ነበርክ» አለች ሚስቱ፣ መንደሪን እየላጠች፤ «እንዲህ ነው ሁሌ።»

ከዚያ የነብሩ አጥር። ሕዝቡ እንደ ማለዳ ትራም ታጭቋል፤
ሙኒያን ከፍ አደረግኋት። «አየሽ?» «አላየሁም።» «አሁንስ?» «ተኝቷል።»
ከቀርከሃው ሥር አንድ ጆሮ፣ አንድ የጅራት ጫፍ፣
ደግሞ ባለ መስመር ሆድ፣ ቀስ ብሎ የሚያርፍ።
አንዱ ያፏጫል፣ አንዱ አጥሩን በጃንጥላ ይደበድባል፤
«ከፍለናል እኮ!» የሚልም አልጠፋ፤ ነብሩ ግን ይተኛል።
ሙኒያ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዞረችባቸው፤
«እሽሽ! የሌሊት ተረኛ ነው!» አለቻቸው።

እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ሳያልቅ ጎኔን ዳበስኩ፤
እሷን ላነሣ እሱን ካወረድኩበት አየር ጨበጥኩ።

ፖልቱ!
ሦስት ዓመት፣ አረንጓዴ የሱፍ ኮፍያ፣ አንዱ ጫማው የተፈታ፤
አረንጓዴ ኮፍያ ያላደረገ ልጅ አልነበረም በዚያ ቦታ።
«ፖልቱ!» ስል አራት ፖልቱዎች ዞሩ፤ አንዱም የኔ አይደለም፤
እግሬ ይሮጣል፣ ልቤ ቀድሞኛል፣ ዓይኔ ግን አያይም።
ከአዞው ኩሬ ጠርዝ ደርሼ ቁልቁል ስመለከት፣
ስንት ጥርስ እንዳለው ያኔ ቆጠርኩለት።
«እንዳትለቀው» የሚለው ቃል ከጨውና ከቃሪያው ጋር ተጠቅልሎ
ከረጢቴ ውስጥ ይከብድ ነበር፣ ከድንጋይ አይሎ።

ሙኒያ ክንዴን ጎተተች። «ባባ፣ እዚያ፣ ከቁራዎቹ ጋ።»

ከወፎቹ ቤት ጀርባ፣ ቅጠል አኝኮ ከንፈሩ የቀላ፣
ኒታይ የሚሉት ጠራጊ መንገድ ያጥባል፣ ወገቡን አላልቶ፣ ቀስ እያለ በተድላ፤
የጎማውን ጫፍ ግን የያዘው ልጄ ነው፣ በሁለት እጁ፣
እስከ ጉልበቱ ርሶ፣ እንደ ጌታ በደጁ።
ቁራው ይሸሻል፣ ይመለሳል፤ ልጁ ይስቃል፣ ይረጫል፤
ኒታይም «ረዳት ቀጥሬያለሁ፤ ከእኔ ይልቅ ይሠራል» ይላል።

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ ቃል ግን አልወጣኝም፤
ተንበርክኬ ጫማውን አሰርኩ፤ ስንት ጊዜ እንደቋጠርኩት አላውቅም።

ማታ ሸፋሊ ነቅታ፣ ፀጉሯን እየሰበሰበች፣
«እሺ፣ ምን አያችሁ?» ብላ ጠየቀች።
«ጎማ!» አለ ፖልቱ። «ረጅም። ውሃ የሚተፋ።»
«ሌላስ?» «ቁራ።» እኔ ሳልኩ፣ ወሬው እንዳይሰፋ።
ሙኒያ አየችኝ። ቆየት ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ እናቷ ዞራ፣
«ነብሩ ተኝቷል» አለች። «አልቀሰቀስነውም። ሌሊት ነው የሚሠራ።»

ሸፋሊ ሳቀች። የተረፈውን እንቁላል በጨው ነክራ በላች፤
ጫማዋን ስትፈልግ ነበር፤ አንዱን አገኘች።